ሠንጠረዡ ላይ የሌሉት ሦስት ሐሙሶች

ፈይዛ ሙሐሲን ዲላ ተወልዳ ዲላ ያደገች ናት። አባቷ ከስልጤ ወርዶ በመናኸሪያው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተው እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ገቢ ወጪውን ትጠብቅ ነበር። አባቷ ጣቃውን ዘርግቶ በክንዱ ሲለካ ዓይኑ ጨርቁ ላይ ስለሚሆን የሰዉን እጅ የምታይለት እሷ ናት። ፊት አትዪ ይላታል፤ ፊት ሁሉ ደህና ነው፣ እጅ እዪ። ስትጠረጥር ያመሰግናት ነበርና መጠርጠር ለፈይዛ እንደ ሌላው ልጅ ውኃ መቅዳት ያለ የቤት ሥራ ሆኖ ቀረ።

ሐዋሳ ሄዳ ኮምፒውተር ተምራ በ2000 ዓ.ም ተመለሰች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ስታጣ አባቷ ሱቁን በችፑድ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ይዛ ጽሕፈትና ኢንተርኔት ቤት ከፈተች። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ የፈተና ወረቀቶቼን የማባዛው እሷ ዘንድ ነው። የምነግራችሁን አብዛኛውን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ፤ ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ2005 ዓ.ም ደግነት የሚባል የክፍል ጓደኛዋ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚያነበው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ኢንተርኔት ላይ አለ፤ እዚያ ውስጥ ስለ ጌዴኦ ፈልጌ ያገኘሁት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፣ ያም ቢሆን ግማሹ ስህተት ነው አለ። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። መምህራን ነበርን፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፣ ገሪማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽም ነበሩበት። ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ፈይዛ ኮምፒውተሮቿን ትለቅልናለች፣ እኛ እንጽፋለን። ስለ ፍስሐ ገነት ከተማ አመሠራረት፣ ስለ ዛፎች፣ ስለ እንሰት ዓይነቶች፣ የጌዴኦ ቋንቋ የሆነውን የጌዴኡፋን ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው። የሚከፍለን አልነበረም።

ከተማውን ያስጨነቀውም ይኸው አለመከፈላችን ነው። አንዱ አዲስ ሃይማኖት ነው አለ፤ ሌላው የቡናችንን ስም ለፈረንጅ የሚሸጡ ናቸው አለ። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ የአባላቱን ስም ዝርዝር ጠይቆ ነበር፤ ለምን እንደፈለገው ሳይናገር ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣም፤ አለመመለሱ ደግሞ ለብዙ ሳምንት አሳሰበን። የፈይዛ አባት ራሱ አንድ ማታ እራት ላይ ማን ነው የሚከፍላችሁ ብሎ ጠየቃት። ማንም አለችው።

"እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው" አላት።

ደግነት አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከመሄዱ በፊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ አስረከባት። ፕሮግራሙ ከመዝገበ ዕውቀቱ ላይ የእያንዳንዳችንን ስም እየለቀመ ማን ስንት ጊዜ እንደጻፈ ይቆጥራል። በወር አንድ ጊዜ ታትሞ ሲለጠፍ ሰው ይበረታታል፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጣ ደግሞ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ፈይዛ ፕሮግራሙን ስትረከብ ይህ ብቻ አላረካትም። ከመካከላችን አንዱ በነጻው ኮምፒውተር ፌስቡክ እያየ ጻፍኩ የሚል መስሏት ነበር። ስለዚህ አሻሻለችው። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሣጥን ኖረው፤ በሣጥኑ ውስጥ የተጻፈው ብዛትና የመጨረሻው የተጻፈበት ሰዓት ይገባል፤ ያልጻፈ ሰው ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። በ2006 ዓ.ም ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የኅዳርን ሠንጠረዥ አትማ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ለጠፈችው። ከእኛ ማንም አልተቃወመም። እኔ እንዲያውም የራሴን መስመር አይቼ ኮራሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው መመላለስ ጀመረ። ረጅም ነው፣ ካኪ ጃኬት ይለብሳል፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አይለይም። ሰኞ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና አንድ ቅጂ አስነሣ። ረቡዕ እንደገና አንድ ወረቀት። ዓርብ እንደገና። ወረቀቱ በማሽኑ ውስጥ እስኪያልፍ ግድግዳው ሥር ይቆማል፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያወጣል፣ ከሠንጠረዡ ላይ ይገለብጣል። ፈይዛ እንደ ልማዷ እጁን አየች፤ የሚገለብጠው ቀኖችን ነበር። የቀበሌው ሰው ትዝ አላት። እሱን ተክቶ የመጣ ነው ብላ ጠረጠረች። ለማንም ሳትናገር እንዴት መልስ እንደምትሰጠው ስታሰላስል ሰነበተች። የሚደበቅ ነገር እንደሌለን በግልጽ ባሳየው ይተወናል ብላ ወሰነች።

ዓርብ ዕለት ሰውየው ደብተሩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ።

"እዚህ ዘነቡ የምትል አለች። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች?"

ዘነቡ ከደጋው፣ ከቡሌ ከተማ የመጣች የጌዴኡፋ አስተማሪ ናት፤ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለች፣ ዝምተኛ፣ ስለ ቤቷ የማታወራ ሴት። ፈይዛ ቀና ብላ ሠንጠረዡን አየችው። በዘነቡ መስመር ኅዳር 5፣ ኅዳር 12 እና ኅዳር 19 ባዶ ነበሩ፤ ሦስት ሐሙሶች ተከታትለው። ኅዳር 24፣ ማክሰኞም ባዶ ነው።

"እዚህ ላይ ካልሰፈረ አልመጣችም ማለት ነው" አለችው። "የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው፤ አይሳሳትም። ከፈለጉ የጥቅምትንም ላሳይዎት እችላለሁ።"

"አያስፈልግም" አለ ሰውየው። ቅጂውን ተቀበለ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለና "ሽብሩ እባላለሁ፣ መናኸሪያ ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። ባሏ ነኝ" አላት።

ፈይዛ ወረቀቱን የያዘው እጁ ሲወጣ እስከ መጨረሻው አየችው። መልሳ ልትጠራው ፈልጋ ነበር፤ ብትጠራው የምትለው ነገር ግን አልነበራትም። የተናገረችው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዘነቡ አልመጣችም። ሐሙስም ቀረች። ዓርብ ዕለት ሀሴት፣ ከእኛ ጋር የምትጽፈው የኮሌጅ ተማሪ፣ ወሬውን ይዛ ገባች። ሽብሩ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ርእሰ መምህሩን የዘነቡን የሥራ ሰዓት ጠይቋል። በመምህራን ክፍል ፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ደብተሩን አውጥቶ አራት ቀኖች አንብቦ ሐሙስ ሐሙስ የት ነበርሽ ብሏታል። እሷ መልስ ሳትሰጠው ወጥታ የዓመት ፈቃዷን ጠይቃ ወደ ቡሌ ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። ማን እንደነገረው ግን አይታወቅም አለች ሀሴት። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እርስ በርሳችን ተያየን። እኔ ገሪማን ጠረጠርኩ፤ ገሪማ እኔን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ፈይዛ ፕሪንተሩን ከፍታ ቀለም እያስተካከለች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ከእኛ ደበቀች፣ ከራሷ ጋር ግን ተከራከረች። ደግሞስ እውነት ቢሆንስ? አንድ ሐሙስ ዘነቡ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሻሿን አጥብቃ ወጥታ ወደ ቤቷ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ታች ስትታጠፍ በመስኮት አይታታለች። ስልክ ሲደወልላት ውጭ ወጥታ ነው የምታነሣው። ባል ያለ ምክንያት አይጠረጥርም። ፈይዛ በኋላ ስትነግረኝ ምንም አልሸፋፈነችም፤ በኅዳር የተጫኑትን ፋይሎች መክፈት የጀመረችው ዘነቡን ነጻ ለማውጣት አልነበረም። ዘነቡ ጥፋተኛ ብትሆን የእሷ ጥፋት ይቀልላት ነበርና ያን ፍለጋ ነው የገባችው።

መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገባው ሌላ ነገር ሆነ። በእነዚያ ሦስት ሐሙሶች የሀሴት ብዛት እንደ ጉድ አሻቅቧል፤ አንዱ ሐሙስ ላይ አሥራ አራት፣ አንዱ ላይ አሥራ ዘጠኝ። ሁሉም የድምፅ ፋይሎች ናቸው። ሀሴት ጌዴኡፋ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገርም። ፈይዛ አሁን ደግሞ ሀሴትን ጠረጠረች፤ ለምስክር ወረቀት ስትል ከየትም ያመጣችውን ድምፅ የምትጭን መሰላት። ሱቁን ገርበብ አድርጋ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተች።

የገበያ ጫጫታ ነበር። ፍየል ትጮኻለች፣ ጋሪ ያልፋል። ከዚያ የዘነቡ ድምፅ በጌዴኡፋ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፣ አንዲት አሮጊት ትመልሳለች። ፈይዛ ሱቅ ውስጥ ያደገች ናትና የገበያውን ጌዴኡፋ ትሰማለች። ይህን እንሰት እናንተ ጋ ምን ትሉታላችሁ? ጋንቲቾ። ይኼኛውንስ? ቶራቾ። ኒፎ የሚሉትስ ለምን ይጠቅማል? ሌላ ሴት ጣልቃ ገብታ አሮጊቷን ታርማታለች፤ ሁለቱ ይከራከራሉ፤ ዘነቡ ትስቃለች። ፈይዛ ከዚያ በፊት ዘነቡ ስትስቅ ሰምታ አታውቅም ነበር። ፋይሉ የተቀዳበትን ጊዜ ስታይ ኅዳር 5፣ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ይላል።

ሀሴትን አስጠራቻት። ነገሩ የሚያደናግር አልነበረም። የቡሌ ሴቶች ቆጮ ይዘው የሚወርዱት ሐሙስ ነው። ዘነቡ መጥታ አንድ መስመር እንኳን ሳትጽፍ ገበያ ትወርዳለች፣ በስልኳ ትቀዳለች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ የስልኳን ሚሞሪ ለሀሴት ትሰጣታለች። ሀሴት በራሷ አካውንት ትጭነዋለች። በስምሽ ይሁን ብያት ነበር አለች ሀሴት፤ አንቺ ተማሪ ነሽ፣ የምስክር ወረቀቱ ይጠቅምሻል አለችኝ። ኅዳር 24ስ? ያን ቀን አዲስ የመጡ ሰባት ተማሪዎች ነበሩ፤ ዘነቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኋላቸው ቆማ ቃላቱን ስታርምላቸው ነበር፤ የተመዘገበው በእነሱ ስም ነው። "አንቺም እኮ ነበርሽ" አለቻት ሀሴት። "ወንበር ስታመጪላት አልቀመጥም ብላሽ።"

ፈይዛ ወንበሩ ትዝ አላት። ያን ጊዜ ነው ለሀሴት የነገረቻት፤ ለሽብሩ የነገርኩት እኔ ነኝ አለቻት። ሀሴት፣ ዘነቡ እኛን ሁሉ ስትጠረጥረን ነበር አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ፈይዛ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጣ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት አትማ ወደ ቡሌ ተነሣች። መናኸሪያ ገብታ እንዳትሳፈር ስምሪቱ ላይ ያለው ሽብሩ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ በእግሯ ሄዳ መንገድ ላይ ሚኒባስ አስቆመች። ረዳቱ ለምን መናኸሪያ አልተሳፈርሽም ብሎ በጥርጣሬ ሲያያት ፊቷ ቀላ። ቡሌ ሊደርሱ ሲሉ መኪናው ጭቃ ያዘውና የቀረውን በእግር ወጣችው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የዘነቡን እናት ቤት ጠይቃ ስታገኘው ዘነቡ ከእንሰቱ መካከል ከእናቷ ጋር ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ነበር። ፈይዛን ስታይ እጇን በቅጠል ጠርጋ ተነሣች፤ ሰላም አለቻት፣ ግን ወደ ቤት ግቢ አላለቻትም።

ፈይዛ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሽብሩ ሦስት ጊዜ መምጣቱን፣ የቀበሌ ሰው መስሏት እንደነበር፣ ምን እንደመለሰችለት። ዘነቡ አላቋረጠቻትም። እናትየዋ አማርኛ አይሰሙም፤ ፍቀታቸውን ቀጠሉ።

"አላውቅም ብትዪው ምን ነበረበት?" አለች ዘነቡ በመጨረሻ።

ፈይዛ ዓይኗን ወደሚፋቀው እንሰት መለሰች።

"ሠንጠረዡን ሳይሆን አንቺን ነበር የጠየቀሽ። ያን ማክሰኞ ወንበር አምጥተሽልኝ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ ዘነቡ። አሁን ግን ማስረጃው ሁሉ አለኝ።" ፈይዛ ፍላሹንና ወረቀቱን አወጣች። "ሰዓቱ ሳይቀር አለ። ነገ ወስጄ አስደምጠዋለሁ፣ አንድ ቃል አይተርፈውም።"

ዘነቡ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ መለሰችላት።

"አትውሰጂለት" አለቻት። "ዛሬ የሐሙሱን ብታሳዪው ነገ የዓርቡን ይጠይቅሻል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፣ አውቀዋለሁ። ከመኪና ጋር ነው የሚውለው፤ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ። እኔንም እንደዚያው ነው። እስከ ዛሬ ግን የሚጽፍበት ደብተር እንጂ የሚገለብጠው ነገር አልነበረውም። ያን ያገኘው ከእናንተ ግድግዳ ነው።"

ፈይዛ ታዲያ እንዴት ይሁን ብላ ጠየቀቻት። ዘነቡ የእኔን ነገር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይዘውታል፣ አንቺ የራስሽን ሥሪ አለቻት። እናትየዋ ያን ጊዜ አንድ ነገር በጌዴኡፋ ተናገሩ፤ እንግዳ ቆማ አትሄድም ማለታቸው ነበር። ፈይዛ ገብታ ቆጮና ጎመን በላች።

ከቡሌ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ሠንጠረዡን ከግድግዳው መንቀል ነው። ከዚያ ማክሰኞ ዕለት ሁላችንንም ሰብስባ የሆነውን ነገረችን። ገሪማ፣ ሰዓቱ ሲለጠፍ ያልተቃወምነው እኛም ነን አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከእኛ ማንም ግን ያን ቀን ሊያየው አልፈለገም። ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ ቀሩ። እኔም ራሴ ለጥቂት ሳምንታት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ማን እያየኝ ነው እያልኩ ዙሪያዬን እመለከት ነበር።

ታኅሣሥን ጨርሳ ጥርን ሙሉ ፕሮግራሙ ላይ ሠራች። ያቃታትን ቦታ ደግነት ከአዲስ አበባ በስልክ እያገዛት ነበር። ቀንና ሰዓትን ማውጣቱ የአንድ ጠዋት ሥራ ሆነ። ያስቸገራት ሌላው ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁልፍ የነካውን ጣት ብቻ ነው። የተናገረውን፣ ያረመውን፣ ገበያ ወርዶ የጠየቀውን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጽፍ አብሮት የሠራውን ሰው ስም የሚያስገባበት ቦታ ሠራች። ደግነት እዚህ ላይ ተጠራጠረ፤ ሰዎች ተጠቃቅሰው የጓደኞቻቸውን ስም ይደረድራሉ አላት። ፈይዛ ቀድማ አስባበት ነበር፤ የራሷ ጥርጣሬ ከማንም አያንስም። ስሙ የተጠራው ሰው ራሱ ገብቶ አዎ ካላለ እንዳይቆጠር አደረገችው፤ አልፈልግም ያለ ሰው ደግሞ ስሙ ከነጭራሹ እንዳይታይ።

የካቲት ላይ አዲሱ ሠንጠረዥ ሲለጠፍ ቅር ያላቸው ነበሩ። በየወሩ አንደኛ የሚወጡት ገሪማ አራተኛ ሆነው አገኙት። እኔን ዝቅ ለማድረግ የተሠራ ነው ብለው ሁለት ሳምንት አኮረፉ። ፈይዛ እንዴት እንደሚቆጥር አንድ በአንድ አሳየቻቸው፤ እየተነጫነጩ ተቀበሉ።

ከዚያ ሽብሩ መጣ። ማክሰኞ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፤ እኔ የፈተና ወረቀት እያባዛሁ ነበርና በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው። አንድ ወረቀት ይዟል። ለፈይዛ ሰጣትና ወደ ግድግዳው ሄደ። ደብተሩን አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"ሰዓቱ የት ሄደ?" አለ።

"አውጥቼዋለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ።"

"ለእሷ ስትዪ ነው የደበቅሽው?"

ፈይዛ ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ሳታስገባ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። "ለሁሉም ነው ያወጣሁት" አለችው። "ያን ቀን የነገርኩዎት ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የተጻፈውን እንጂ የመጣውን ሰው አይደለም። እኔ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ተናገርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሽብሩ ተጠጋ። "ታዲያ የት ነበረች?"

ፍላሹ ከባንኮኒው ሥር፣ ከእጇ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ማዳመጫውም ጠረጴዛው ላይ አለ። እኔ ስለ ፍላሹ አውቅ ነበርና እጇን አየሁ።

"እሷን ይጠይቋት" አለች ፈይዛ።

"ጠይቄአታለሁ። በሽማግሌ ፊት ጠይቄአት ገበያ ነበርኩ አለች።"

"ታዲያስ?"

ሽብሩ ደብተሩን ዘጋ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው። ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ያመጣውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ረስቶት ነበር፤ ፈይዛ ገልብጣ ስታየው ምንም ያልተጻፈበት የስምሪት ቅጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከተማው እንደየአቅሙ ያወራዋል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ አስታርቀዋቸው ዘነቡ መጋቢት ላይ ዲላ ተመለሰች፤ ቅድመ ሁኔታዋ ስለ እሷ ሌላ ሰው እንዳይጠይቅ ነበር። አንድ ወር ያህል ደህና ከረሙ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሐሙስ የቡሌ ሴቶች መናኸሪያ ለመሳፈር ሲሰለፉ ሽብሩ አንዷን ለብቻ ጠርቶ፣ ኅዳር ውስጥ ገበያ መጥታ የምትጠይቃችሁ አስተማሪ ነበረች ወይ ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ነበረች አለችው፤ ስለ እንሰት ትጠይቀን ነበር አለችው። ደስ ብሎት ቤት እንደገባ ይወራል። ሴትዮዋ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ነገሩን ለራሷ ለዘነቡ ነገረቻት። ዘነቡ ምንም አላለችውም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ቡሌ ለመዛወር አመለከተች፣ ተፈቀደላት፣ ሄደች። ሽብሩ አንዳንድ እሑድ ወደ ቡሌ ሲወጣ ይታይ ነበር። ባልና ሚስት ናቸው አይደሉም በሚለው ላይ ከተማው እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ወደ እኛ ክፍል ግን ከመዛወሯ በፊት ተመልሳ መጥታ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሁለት የገበያ ሴቶች አስከትላ ገባች። ሴቶቹ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ዘነቡ ጠየቀቻቸው፣ ሀሴት ጻፈች፤ የሁለቱም ስም ከዘነቡ ስም በላይ ሰፈረ። ፈይዛ ስሟ እንዲታይ ትፈልግ እንደሆነ ስትጠይቃት ዘነቡ ትንሽ አሰበችና ይታይ አለች። ከፈይዛ ጋር ከዚያ ወዲያ ሰላም ይባባሉ ነበር፤ የድሮው ዓይነት ቅርበት ነበራቸው ለማለት ግን አልችልም። ከቡሌ የምትልከውን ቃላት በሀሴት በኩል ነበር የምትልከው።

ጥርጣሬ ከፈይዛ የወጣ እንዳይመስላችሁ። አቅጣጫውን ነው የቀየረው። በ2009 ዓ.ም በጎ ፈቃደኞችን እንረዳለን የሚል አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ ጻፈላት። ስድስት አዳዲስ ኮምፒውተር እንሰጣለን፤ ለሪፖርታችን ግን የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የሠራበት ቀንና ሰዓት ይላክልን ይል ነበር ደብዳቤው። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ሁለቱ ሞተው ነበር። ሰዉም ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ስላገኘ የክፍሉ ወንበሮች ግማሹ ባዶ ነበሩ። አባቷ ደብዳቤውን አስነብቧት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ ሰው መጣ፣ ምን ያስጠረጥርሻል አላት።

ፈይዛ ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ መልስ ጻፈች፤ ሰዓቱን የሚያነበው ማን ነው፣ ካነበበ በኋላስ የት ነው የሚቀመጠው ብላ ጠየቀች። ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት አማርኛውን እንዳርምላት ለእኔ ሰጥታኝ ነበር። አንድ ፊደል ብቻ አርሜ መለስኩላት። ድርጅቱ መልስ አልጻፈም፤ ኮምፒውተሮቹም አልመጡም። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን ዘጋችና ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች። ፕሮግራሙ አሁንም ይሠራል፤ አራት ከተሞች ያሉ ቡድኖች ከእሷ ወስደው ይጠቀሙበታል። ሰዓት ጨምሩበት የሚል ጥያቄ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይደርሳታል።